ቀዩ አልለቅ ያለው ጆተኒ

በደርግ ዘመን ደባርቅ ውስጥ ሥራ ፈት መሆን ብዙ ሥራ ነበረው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ አላስገባ ብሎኝ እናቴ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ አንድም ቀን አርፌ አላውቅም። ስብሰባ ነው፣ ችግኝ ተከላ ነው፣ የመንገድ ጽዳት ነው። በዚያ ላይ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስለሚባል የቀበሌያችንን የግድግዳ መፈክር ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ያኔ ጉም በወረደበት ጠዋት፣ ጣቷን በትንፋሿ እያሞቀች ግድግዳ ሥር ብሩሽ ይዛ የቆመች ቀጭን ልጅ ያየ ሰው ካለ እሷ እኔ ነኝ፤ ስንዱ።

ምኞቴ አንድ ነበር፤ ጎንደር ወርጄ ታይፕ መማር። ለዚያ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር የድጋፍ ደብዳቤ መስጠት ነበረበት። ሊቀመንበራችን ጓድ ማሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁ ነው ትልቅ። ምስጢር ሲያወራ እንኳ ገበያ ድረስ ይሰማል። ደብዳቤውን በጠየቅሁት ቁጥር “ይታሰብበታል!” ብሎ ይጮኽብኝና ያልፋል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ወደ ወጣቶች መዝናኛ ክበብ አስጠራኝ። ክበብ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ግቢ፣ ጠጠሮቿ የጠፉባት የዳማ ሰሌዳና አንድ ጆተኒ ነው። ጆተኒውን የሠራው ጎንደር ሄዶ ያየውን አስመስሎ አንድ የከተማችን አናጢ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ይቀባል፤ የድሮውን ቀለም ግን ማንም ፍቆ አያውቅም። ሰማያዊው ላይ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ላይ ቢጫ፣ ከአብዮቱ ወዲህ ደግሞ ቀይ በቀይ ላይ ሲደረብ ኖሮ ቀለሙ እንደ ዳቦ ቅርፊት ወፍሯል። የጎሉ ቀዳዳ ጠብቦ ኳሱ አፉ ላይ እየተቀረቀረ ማስቸገር ጀምሯል። አንዱ “ገብቷል!” ይላል፤ አንዱ “አልገባም!” ይላል፤ ከዚያ ድብድብ ነው።

ጓድ ማሩ ጆተኒውን በመዳፉ ጠፈጠፈው።

“ቅዳሜ የዳባት ወጣቶች ለወዳጅነት ውድድር ይመጣሉ። ከአውራጃም እንግዳ አለ። ይህ አሮጌ ቀለም ተፍቆ ይነሣና እንደ አዲስ ይቀባ። ደማቅ ቀይ!” አለና አንድ ጣሳ ቀለም አስረከበኝ። “ከጎንደር በስንት ልመና የመጣ ነው። ሌላ የለም። ካማረ ደብዳቤሽን ሰኞ ተፈርሞ ታገኚዋለሽ።”

“ካላማረስ ጓድ ሊቀመንበር?”

“ካላማረማ ጎንደር ሄደሽ ምን ትሠሪያለሽ?”

ይህን ብሎ በዚያው ዳባት ለስብሰባ ሄደ። የሚመለሰው ቅዳሜ ከእንግዶቹ ጋር ነው።

አጋዥ ተብሎ የተሰጠኝ የክበቡ ዘበኛ አያ ሙላት ነበር። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ የደባርቅ የጆተኒ ንጉሥም እሱ ነው። ብረቶቹን አንድ በአንድ ሲነቅል ከእንጨት ሰዎቹ ጋር እየተነጋገረ ነው። “አይዞህ ወንድሜ፣ ለጥቂት ቀን ነው” እያለ በጨርቅ ጠቅልሎ ጆንያ ውስጥ አስተኛቸው።

ያን ቀን ሙሉ በቢላዋ ፋቅን። ቀለሙ እንኳን ሊነሣ ቢላዋውን አዶለዶመው። በስባሪ ጠርሙስ ሞከርን። በነጭ ጋዝ የተነከረ ጨርቅ ሞከርን። ሲመሽ የተላጠው ቦታ መዳፌን አያክልም። ጣቶቼ ተልጠው፣ ትከሻዬ ወልቆ ወደ ቤት ስገባ ጎንደር ከአሜሪካ ይልቅ ርቃ ታየችኝ።

በማግስቱ ማለዳ እናቴ ልብስ ስትተኩስ አገኘኋት። እናቴ እትየ ጥሩ ልብስ ሰፊ ነች፤ የከሰል ካውያዋን ከእኔ ባላነሰ ትወደዋለች። ክር ለመቀየር ብድግ ስትል ካውያውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። መልሳ ስታነሣው የደፉ ቀለም እንደ ቡሃቃ ሊጥ ኩፍ ብሎ ተነሥቷል። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ልጥ ብሎ ከእንጨቱ ወረደ።

ዘልዬ አቀፍኳት።

“እማዬ፣ ካውያሽን አውሽኝ!”

“ምን ልትተኩሽ?”

“ጆተኒ።”

መርፌዋን ከአፏ አውጥታ ተመለከተችኝ። “ልጄ፣ አሞሻል?”

ስነግራት፣ ስለምናት፣ ጉልበቷን ስስም ቆየሁ። በመጨረሻ ካውያውን ሰጠችኝ፤ እስከ በር ድረስ ግን እጀታውን አልለቀቀችም። “ብታበላሺው እዚያው ክበቡ እደሪ” አለችኝ።

ምን ልበላችሁ! ሐሙስ ጠዋት ያየሁት ደስታ እስከ ዛሬ ጣቶቼ ላይ አለ። የጋለውን ካውያ ቀለሙ ላይ ትንሽ ይዤ ስጠብቅ ያብጣል፤ በቢላዋ ገባ ሲሉት እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተጠቅልሎ ይወርዳል። ቀዩ ከሥሩ ቢጫውን፣ ቢጫው አረንጓዴውን፣ አረንጓዴው ሰማያዊውን ይዞ ይነሣል። አያ ሙላት ያጨበጭባል። እየሠራሁ መዝፈን ጀመርኩ፤ እኔ ደግሞ ድምፅ የለኝም።

ችግሩ መሬት ላይ የተከመረው ቀይ ልጣጭ ነበር። አያ ሙላት አየት አደረገውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ስንዱ፣ አንድ ሰው ገብቶ ‘ቀዩን ፍቀው ጣሉት’ ብሎ ቢያወራስ?”

“ያዘዙን እኮ ሊቀመንበሩ ናቸው።”

“ሊቀመንበሩ ያሉት ዳባት ነው። እኛ ያለነው እዚህ።”

ያኔ እንዲህ ያለው ወሬ የሚያስቅ አልነበረም። ከዚህ ላነሰ ነገር የተጠየቀ ሰው ሁለታችንም እናውቃለን። ልጣጩን ለቅመን በጆንያ ሞላነው፤ በር ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር አያ ሙላት ሮጦ ጆንያው ላይ ቁጭ ይላል። አንድ ሰው “ምን ላይ ነው የተቀመጥከው?” ቢለው “ገለባ” አለ። ሰውየው ጆንያው ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ “ደረቅ ገለባ ነው” ብሎ ሄደ።

ከምሳ በኋላ አንድ ጎን ብቻ ቀረኝ። ጆተኒውን ወደ ግቢው አውጥተነዋል። አያ ሙላት ሊያግዘኝ ብሎ፣ እኔ ከሰል ልጨምር ጀርባዬን ሳዞር ያንን ጎን ነጭ ጋዝ አጠጣው። “ይለሰልስላታል” ብሎ ነው። የቀለሙንም ጣሳ ከፍቶ፣ ቀለሙን በዱላ አማስሎ አጠገቡ አስቀመጠው። እኔ አላየሁም። ፍም የሞላ ካውያ ይዤ መጣሁና እንጨቱ ላይ አሳረፍኩት።

ቧ! አለ።

እሳቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንዴ ሮጠ። ካውያውን ይዤ ወደ ኋላ ወደቅሁ። አያ ሙላት “ልጆቼን!” እያለ የእንጨት ሰዎቹን ጆንያ ታቅፎ ወደ መንገድ ሮጠ። ጎረቤት ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዱ አፈር፣ አንዱ ውኃ ደፋበት፤ አንዱ ጋቢውን አውልቆ በላዩ ወደቀበት። በዚህ ሁሉ ግርግር ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ እግር የቀለሙን ጣሳ መታው።

እሳቱ ጠፋ። ጭሱ ሲገለጥ ጆተኒው በአንድ ጎኑ ከሰል መስሏል። ጣሳው ተደፍቶ፣ ከጎንደር በልመና የመጣው ደማቅ ቀይ አፈሩ ውስጥ እየሰረገ ነው። የጎረቤታችን በግ መሐሉ ቆማ ዙሪያዋን ታያለች። ከዚያ በአራት ቀይ እግሮቿ፣ ኮቴዋን ግቢው ላይ እያተመች ቀስ ብላ በበሩ ወጣች።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ ነጠላዋ መንገድ ላይ ወድቆባት እየሮጠች ደረሰች። እጆቼን ያዘች። ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላብጣ አየች። ፊቴን ዳበሰች። አለመቃጠሌን ስታረጋግጥ ነው ወደ ካውያው የዞረችው። ካውያው ደኅና ነበር። “ተመስገን” አለችና ከጎኔ ቁጭ ብላ እሷም መሳቅ ጀመረች። “የበጓ ጫማ ግን ያምራል” አለች።

ሰው ሲበተን አያ ሙላት አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

“እኔ በየዳ ተራራ ላይ አጎት አለኝ” አለ። “እዚያ ከገባሁ በቀላሉ አያገኙኝም። ከፈለግሽ አንቺንም እወስድሻለሁ።”

“በየዳ ሄጄ ምን ልሠራ?”

“እዚህስ ምን ልትሠሪ?”

እውነቱን ነው። የከተማውን ሱቆች አዳርሰን ጠየቅን፤ የሱቅ መዝጊያ የሚቀባበት ቅራሪ ሰማያዊ እንጂ ቀይ የሚባል የለም። ከጎንደር የሚመጣው መኪና የሚጠበቀው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ያም ሆኖ የተቃጠለ ነገር እንደተቃጠለ ማስረከብ አልሆነልኝም። ዓርብ በጠዋት ከሰሉን በስባሪ ጠርሙስ መፋቅ ጀመርኩ። ጥቁሩ ጠለቅ ያለ አልነበረም፤ በቀላሉ ወረደ። ከሥሩ ግን ቀይ ወጣ።

“ይኸውልሽ!” አለ አያ ሙላት። “የድሮው ቀይ ከሥር ቀርቷል።”

ፋቅሁት። ቀይ ነው። ጨክኜ ፋቅሁት። አሁንም ቀይ። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ ጭራሽ ደመቀ። ወደ ሌላው ጎን ዞርኩ፤ ሐሙስ በጥድፊያ ስለነበርን ላዩ ላይ የአረንጓዴና የሰማያዊ ዕድፍ ቀርቶ ነበር። ያንን ሳነሣው እዚያም ቀይ። “ምን ዓይነት ቀለም ነው የቀቡት? አጥንቱ ድረስ ነው እንዴ የገባው?” እያልኩ፣ እየተናደድኩ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ ስፍቅ እናቴ ምሳ ይዛልን መጣች። በሩ ላይ ቆም ብላ በአፍንጫዋ ሳበች።

“ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው? ደብር የገባሁ መሰለኝ።”

ቀረብ አለች። የፋቅሁትን ዱቄት በጣቷ አንሥታ አሸተተች። ከዚያ እኔን ስታይ ዓይኗ በሳቅ ሞላ።

“አንቺ ልጅ፣ ቀለም እንዲህ ይሸታል? ጥድ እኮ ነው! እንጨቱን ነው ስትፍቂ የዋልሽው። አናጢው ከጥድ ልብ፣ ከመሐሉ ነው የሠራው፤ የጥድ ልብ ቀይ ነው።”

አያ ሙላት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እኔ ወደ ኋላ አልኩና ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። እስከዚያ ድረስ ያየሁት ቀለም ብቻ ነበር፤ የሚነሣውን ወይም የማይነሣውን። አሁን እንጨት አየሁ። ውኃ ሲፈስ ዳር ዳሩን እንደሚጽፈው ያለ መስመር፣ መሐል መሐል ላይ እንደ ዓይን የተከፈተ የቅርንጫፍ ጠባሳ፤ ከዳር እስከ ዳር ሁሉም ቀላ ያለ ነው።

“ግን ደረቅ ነው” አልኩ። “የደበዘዘ ይመስላል።”

እናቴ ወጥታ ሄደች። ስትመለስ ክር የምታሽበትን ድብልብል ሰምና ካውያውን ይዛለች።

“እማዬ፣ እንደገና ካውያ?”

“ነጭ ጋዙን መጀመሪያ ከግቢ አስወጡልኝ” አለች።

ሰሙን እንጨቱ ላይ አሸን። ለብ ባለው ካውያ በጨርቅ ላይ አድርገን ቀስ ብለን አሳለፍንበት። ሰሙ ቀልጦ ሲገባ እንጨቱ ዓይናችን እያየ ተነሣ። ሌላ ቃል የለኝም። የተኛ ሰው ስሙን ሲጠሩት እንደሚነሣው ተነሣ። ከዚያ በኋላ ማንም ምሳውን አላስታወሰም። ሲያመሽ አያ ሙላት ሰዎቹን ወደ ብረታቸው መለሳቸው፤ እሱም በየዳ መሄዱን ተወ።

ቅዳሜ ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። የገበያ ቀን ስለነበር ከአምባራስ እህል ጭነው የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ አህያቸውን አጥር ላይ አስረው ገብተዋል። ጆተኒውን በእናቴ ቀይ ጨርቅ ሸፍነነዋል። ጓድ ማሩ ከእንግዶቹ ጋር በመኪና ደረሰ፤ ልነግረው ጠጋ ብል ጊዜ አልሰጠኝም። ቀጥታ ወደ ንግግሩ ገባ።

“ጓዶች! ወጣቶቻችን አሮጌውን ቀለም አስወግደው፣ በደማቅ ቀይ ቀለም ያሸበረቁትን...”

ጨርቁን ሳበው።

ዓረፍተ ነገሩ አፉ ውስጥ ቀረ። ቀለም የለም። ጥድ ነው፤ በጠዋት ፀሐይ የሚያብረቀርቅ ባዶ ጥድ። ከአውራጃ የመጣው ሰውዬ፣ ካኪ የለበሰ መነጽራም ሰው፣ ወደፊት ወጣ። ጎንበስ ብሎ እንጨቱን በእጁ ዳበሰው። እጁን አሸተተ።

“ማነው የሠራው?”

አያ ሙላት ወደ እኔ አመለከተ፤ እያመለከተም ከኋላዬ ተደበቀ።

“ቀይ ይቀባል ተብሎ አልነበረም?” አለኝ ሰውዬው።

ውሸት ብፈልግ አጣሁ። “ቀለሙ ተደፋብን ጓድ። ይህ... ይህ እንጨቱ ነው። አልተቀባም። ከውስጡ ነው ቀይ የሆነው።”

እኔ ጓድ ማሩን አያለሁ፤ ጓድ ማሩ ሰውዬውን ያያል፤ ሰውዬው ጆተኒውን ያያል። በስተመጨረሻ ጓድ ማሩ ሳንባው እስኪሞላ አየር ሳበ።

“ሰማችሁ ጓዶች!” ብሎ ሲጮኽ አህዮቹ ደነገጡ። “የላይ ቀይ ይላጣል! የውስጥ ቀይ ግን ቢፍቁት አይለቅም! ቢያቃጥሉት አይለቅም!”

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናወጠው። ማቃጠላችንን ማን እንደነገረው አላውቅም። መነጽራሙ ሰውዬም አጨበጨበ፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በቀስታ “እንኳን ተደፋ” አለኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። የደባርቅ ሰው ድሉን አስቀድሞ በልቶታል፤ አያ ሙላት አለና። ግን ማናችንም ያላሰብነው ነገር መጣ። ሜዳው ተፍቆና ሰም ጠጥቶ ልሙጥ ሆኗል፤ ጎሉም ከነሙሉ አፉ ተከፍቷል። ኳሱ እንደ ጥይት ነው። ሻካራውን ሜዳ የለመደው አያ ሙላት እጁን ሳያዞር ኳሱ ገብቶ ያድራል። የዳባት ልጆች በጎል ደበደቡን። አያ ሙላት ተሸንፎ ሲወጣ “ልጆቼ ተንሸራተቱ” ብሎ ልቅሶ የመሰለ ሳቅ ሳቀ።

የአሸናፊዎቹ አለቃ ወደ እኔ መጣ። ዋንጫ የመሰለ ነገር በብብቱ ይዟል።

“የእኛን ጆተኒ መጥተሽ ትሠሪልናለሽ?”

“የእናንተ ከምን የተሠራ ነው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? አረንጓዴ ነው።”

ሳቅሁ። ሐሙስ ዕለት ብትጠይቁኝ እኔም እንዲሁ ነበር የምመልሰው።

ሰኞ ጓድ ማሩ ቃሉን ጠብቆ ደብዳቤውን ፈርሞ ሰጠኝ። አመስግኜ ተቀበልኩት። ማክሰኞ መኪና ላይ ወጣሁ፤ ዳባት ስንደርስ ግን ወረድኩ። ረዳቱ “ጎንደር አላልሽም እንዴ?” ብሎ ጮኸብኝ። ብያለሁ። የዳባቱ ጆተኒ ዋንዛ ሆኖ ተገኘ፤ ሲገለጥ የማር ቀለም ነበረው። እሱን ሳልጨርስ አንዲት መምህርት ቁም ሣጥኗን አሳየችኝ። ከቁም ሣጥኑ በኋላ በር፣ ከበሩ በኋላ አልጋ። ታይፕ ሳልማር አረጀሁ።

ዛሬ ይህን የምታነቡ ልጆች ምናልባት ውጤት አላስገባችሁ ብሎ ወላጆቻችሁ ቤት ተቀምጣችሁ ይሆናል። እኔ ምክር አላውቅም። በዚያ ሳምንት የሆነልኝን ብቻ ልንገራችሁ፤ በሕይወቴ የምሠራውን ነገር ያገኘሁት ሌላ ነገር እየፈለግሁ፣ ያውም ሁሉም ተበላሸ ብዬ አፈር ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ነው። ያን ቀን አልቅሼ ወደ ቤት ብሄድ ኖሮ የሚወቅሰኝ አልነበረም። በማግስቱ የተመለስኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ጥቁሩን እዚያው ትቼው መሄድ ስላልሆነልኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውንም ነገርንም ላዩን አይቼ ለመናገር ምላሴ ይከብደኛል።

እናቴ ዕድሜ ጠግባ ነው ያረፈችው። አያ ሙላት አለ፤ ጆተኒ ግን ትቷል። እኔም ዓይኔ ደከም ስላለ አሁን የሚበዛውን ሥራ የሚሠሩት ልጆቼ ናቸው፤ ደንበኛ የማነጋግረው ግን እኔ ነኝ። ሰዎች የአያታቸውን ሣጥን ወይም የቤታቸውን በር አሸክመው ይመጡና ገና ሳይቀመጡ “ምን ዓይነት ቀለም ይሻለዋል?” ይሉኛል።

ወንበር እሰጣቸዋለሁ፤ እጅጌዬን እሰበስብና “ቆይ፣ እስቲ መጀመሪያ እንየው” እላቸዋለሁ።